ቻይናን አይነካም የተባለው በሽታ

ሲያትል በአሜሪካ ምዕራብ ጫፍ፣ ባሕር አጠገብ ያለች ከተማ ነች። ስለ ሐይቆቿና በረዶ ስለማይለየው ተራራዋ የሚነግራችሁ ሞልቷል፤ ፖስት ካርድም ይሸጣል። እኔ የሄድኩት የታመመ ወንድሜን ልጠይቅ ነው። የተመለስኩት ደግሞ ተናድጄ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው።

ቅዳሜ

ወንድሜ ታደለ ሲያትል ውስጥ ታክሲ ይነዳል። በጥቅምት መጀመሪያ ዝናብ ያራሰው ደረጃ አንሸራቶት የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ሚስቱ ሮማን ደውላ «እትዬ አስካለ፣ ምንም አይደንግጡ» ስትለኝ በጣም ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ከአገር ለመውጣት ስንት ደጅ እንደሚጠና የጠናችሁት ታውቁታላችሁ። ትምህርት ሚኒስቴር ሄድኩ፣ ቀበሌ ሄድኩ፣ ዋስ የሚሆነኝ ሰው ለመንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ሊቀመንበሩ ግን «እዚያው ትቀሪ ይሆን?» እያለ ከላይ እስከ ታች ያየኝ ነበር። ለምን እቀራለሁ? የታችኛው ክፍል ልጆች ገና ክፍልፋይ እንኳን በቅጡ አልገባቸውም።

ዕድል ቀንቶኝ በኅዳር አጋማሽ ተሳፈርኩ። ጉልበቴ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተጣብቆ ሮም፣ ከሮም ኒውዮርክ፣ ከኒውዮርክ ሲያትል። ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመጣ እንኳ ደብረ ሲና ላይ ወርጄ ቆሎ እገዛለሁ፣ እግሬን አፍታታለሁ። እዚህ ግን በመተላለፊያው ላይ ብድግ ባልኩ ቁጥር አስተናጋጇ «ይቀመጡ» ትለኛለች። እኔም እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

እሑድ

ጫማዬን መንገድ ላይ አውልቄ ነበርና ሲያትል ስንደርስ እግሬ አልገባ አለኝ። አብጦ የዳቦ ሊጥ መስሏል። በካልሲ፣ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ከአየር ማረፊያው ወጣሁ። የአርባ ምናምን ዓመት ሴት፣ የሒሳብ መምህርት፣ አሜሪካን በካልሲ ገባሁባት።

ሮማን አቅፋኝ አለቀሰች፤ ወደ እግሬ ስታይ ደግሞ ሳቀች። «ኦኬ እትዬ፣ እዚሁ ይቁሙልኝ፣ መኪናውን ራቅ አድርጌ ነው ፓርክ ያደረግኩት» አለችኝና የራሷን ነጠላ ጫማ አውልቃ ሰጥታኝ እሷ በባዶ እግሯ ሮጠች።

የሚኖሩት ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪ መንገድ አጠገብ፣ ሙሉ በሙሉ በእንጨት በተሠራ ቤት ነው። እኛ አገር የእንጨት ቤት ጭቃ ካልተመረገ አጥር እንጂ ቤት አይባልም፤ እነሱ ቀለም ብቻ ቀብተው ይሞቃቸዋል። ሮማን አልጋዋን ለቀቀችልኝ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቀለችልኝ፣ በጾም ምስር አበላችኝ። ውጪ ይዘንባል። የሲያትል ዝናብ እንደኛ ክረምት ወርዶ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያለቃቅስ ይውላል። ጠዋት ስነሳ እብጠቱ ጎድሎ ነበር።

ሰኞ

ሆስፒታሉ ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ታደለ እግሩ በገመድና በክብደት ወደ ላይ ተሰቅሎ ተኝቷል። ሲያየኝ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው፤ መሐሉ በመጋረጃ ተከፍሏል።

እኛ አገር በሽተኛ ሊጠይቅ የሄደ ሰው የራሱን ሰው ብቻ ጠይቆ አይወጣም። ከአጠገቡ የተኛውንም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም «እግዜር ይማርዎ» ይላል፤ ብርቱካንም ይዞ ከሆነ ያካፍላል። ስለዚህ ታደለን ሳምኩና መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ወደ ማዶ ተሻገርኩ።

«እትዬ! ኧረ እዚህ እንደዚህ አይደረግም» ብላ ሮማን ቀሚሴን ያዘች። «መጋረጃው ለፕራይቨሲ ነው።»

«ሰው ታሞ ከጎኔ ተኝቶ ጨርቅ ልፍራ?» አልኳት።

ከመጋረጃው ማዶ የተኙት ሚስተር ዎንግ ይባላሉ። ቀጭን፣ ጥርሳቸው ጥቂት የቀረ ቻይናዊ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጃክሰን መንገድ ላይ በምግብ ቤት ወጥ ሠሪነት ኖረው፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። ሳያቸው ከትራሱ ቀና ሊሉ ሞከሩ፤ አቅቷቸው በሁለት እጃቸው እጄን ያዙ። ልጃቸው ግሬስ ያላትን አንድ ወንበር ለቀቀችልኝና እሷ ቆመች። የእኔ እንግሊዝኛ የጥቁር ሰሌዳ እንግሊዝኛ ነው፤ የእሳቸው ከእኔም ያንሳል። ሆኖም ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠየቁኝ፣ ስንት እንዳላቸው ነገሩኝ። አንድ ግሬስ ብቻ ናት።

ማክሰኞ

ነርሷ መርፌ ይዛ መጥታ ታደለን ሆዱ ላይ ወጋችው። «በየቀኑ እኮ ነው እትዬ፣ ወንፊት አደረጉኝ» ብሎ አማረረ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። አጥንቱ ተሰብሮ የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ያለው ደም እንደ እርጎ ይረጋል። የረጋው ተፈንቅሎ ከተነሳ ሽቅብ ሄዶ ሳንባ ላይ ይወተፋል፤ ይገድላል። መርፌው እንዳይረጋ ነው። ደህናውን እግሩንም ጠባብ ካልሲ አልብሰውታል።

ያን ጊዜ አውሮፕላን ላይ ያበጠው እግሬ ትዝ አለኝ። ነርሷ ሌላ መርፌ ይዛ መጋረጃውን እስክትዞር ጠበቅኩ። አልዞረችም፤ ወደ በሩ ሄደች።

«ለሚስተር ዎንግስ?» አልኳት።

«ለእሳቸው አልታዘዘም» አለችና ወጣች።

ታደለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቻይና አያስፈልግም አሉ፤ እነሱን አይዛቸውም አሉ» አለኝ። ዶክተሩ ለግሬስ ሲነግራት ሰምቷል። መጋረጃው ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም።

ሚስተር ዎንግም ነርሷን በእንግሊዝኛ የጠየቅኳትን ከወዲያ ሆነው ሰምተው ኖሮ ሳቁ። «ሻይ ነው! እኛ ሁልጊዜ ሻይ ስለምንጠጣ ደማችን ቀጭን ነው» አሉ፤ ኩራትም ነበረበት።

«እኛስ ይህን ሁሉ በርበሬ እየበላን እኔን ለምን ይወጉኛል?» አለ ታደለ። ሮማንን ጨምሮ አራታችንም ሳቅን።

ረቡዕ

ግሬስ ለአባቷ የሩዝ ገንፎ ይዛ መጣች፤ ለእኔም ቀዳችልኝ። ውስጡ ዶሮ አለ፤ እኔ ደግሞ የነቢያትን ጾም ይዣለሁ። «ጠግቤያለሁ» ብላት ጨመረችልኝ። ይሄ የእኛም አመል ስለሆነ አልተቀየምኩም። ሮማን ስለ ጾሙ ስታስረዳት ግሬስ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች፤ ማታውኑ ከአኩሪ አተር የተሠራ አይብ የሚመስል ነገር ከጎመን ጋር አብስላ፣ በዝናብ፣ ሁለት አውቶቡስ ለውጣ መጣች። «ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም» እያለች አንድ በአንድ ማለችልኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ናት።

ያን ቀን ሚስተር ዎንግ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ነበር። የግራው ባት ከቀኙ ወፈር ብሏል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ይቆረጥመኛል አሉ። ግሬስ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአገራቸውን ቅባት አውጥታ ታሸው ጀመር። እኔም እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እኛ ቤት ያበጠ እግር ወጌሻ ይጠራለታል፣ በቅቤ ይታሻል፤ ሌላ መላ አናውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ባቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ይፋጃል።

«እትዬ! እንዳትነኪው!» ብሎ ታደለ በመጋረጃው ማዶ ጮኸ። «አይታሽም! የረጋ ካለ ይነሳል! እኔን መጀመሪያ የነገሩኝ እሱን ነው!»

እጄን እሳት እንደነካው ሰበሰብኩ። ታደለ በእንግሊዝኛ ሲደግመው ግሬስም ቅባቱን ከደነች። እኔን ያስደነገጠኝ ታደለ የተነገረውን ከአንድ ክንድ ማዶ ለተኙት ሽማግሌ ማንም ያልነገራቸው መሆኑ ነው። እሱ ማስጠንቀቂያ አለው፣ ካልሲ አለው፣ መርፌ አለው። እሳቸው ሻይ አላቸው።

ሐሙስ

ዶክተሩን ጠብቄ ያዝኩት። ረጅም፣ ሽበታም፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ንዴቴ ይቀለኝ ነበር። ታደለን መርምሮ ሲጨርስ መጋረጃውን ገልጬ «ይህንንም እግር ይዩልኝ» አልኩት።

«እርስዎ ቤተሰብ ነዎት?»

«የአልጋ ጎረቤት ነኝ።»

ሮማን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እሱ ግን ሳቅ ብሎ እግሩን ጫን ጫን አድርጎ አየው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማበጥ ያለ ነው አለ። መርፌው ደግሞ ደም ያፈስሳል፣ ለሽማግሌ አደጋ አለው አለ። ይህስ ይሁን። ቀጥሎ ያለው ነው ያቃጠለኝ።

«ደግሞም ይህ ነገር በቻይናዎች ላይ ብርቅ ነው» አለ። «እኔ እዚያው እነሱ አገር ሠርቻለሁ። አላየሁም።»

«ፈልገህ ነበር?» አልኩት። በእንግሊዝኛ አንተና እርስዎ የለም፤ በልቤ ግን አንተ ብየዋለሁ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እግር ሲያብጥ ራጅ አንስተህ፣ መርምረህ፣ ፈልገህ ነው ያጣኸው? ወይስ አይዛቸውም ብለህ ሳትፈልግ ቀረህና አላየሁም አልክ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ደከመ። «ብዙ ሐኪም የሚያውቀው ነገር ነው» አለኝ። ቀጥሎም ስለ ሌላ በሽተኛ ከእኔ ጋር መነጋገር እንደማይፈቀድለት በትሕትና ነግሮኝ፣ የገለጥኩትን መጋረጃ ራሱ መልሶ ዘግቶ ወጣ።

መኪና ውስጥ ሮማን «እትዬ፣ ይተዉት በቃ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?» አለችኝ።

«ዝም አይነቅዝም፤ ሰውየው ግን ይሞታል» አልኳት።

ዓርብ

ሮማን ቁጣዬ እንዲበርድ ብላ ሆስፒታል ሳይሆን ኖርዝጌት ወደሚባል የገበያ ማዕከል ወሰደችኝ። መርካቶን ጣራ አልብሳችሁ፣ ጩኸቱንና ጭቃውን፣ ክርክሩንም አውጥታችሁ አስቡት። ዋጋ አይጠየቅም፣ «ስንት ልበልህ» የለም፤ ለንዴተኛ ሰው የማይሆን ገበያ ነው። ለመመለሻዬ ሰፊ ጫማ ገዛችልኝ። ሻጩ ተንበርክኮ እግሬን በብረት መለኪያ ሲለካ ገረመኝ፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ ለካ። «ብዙ ሰው አንዱ እግሩ ከአንዱ ይበልጣል፤ ሳይለኩ አይታወቅም» አለኝ። ጫማ ሻጭ የሚያውቀውን! ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ስነጫነጭ ሮማን እንደገና አፈረችብኝ።

ቅዳሜ

ሚስተር ዎንግ የሚወጡበት ቀን ነበር። ስንደርስ ግሬስ ዕቃቸውን ታጥፋለች። ወደ ጥግ ሳብ አድርጌያት «ዶክተሩን ጠየቅሽው?» አልኳት።

«ትናንት ጠየቅኩት። የአባቴ እግር ብሶበት ነበር። በእኛ ሰዎች ላይ ብርቅ ነው፣ አታስቢ አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አመሰገንኩት» አለችኝ።

ምን ልበላት? እኔም ብሆን በሐኪም ፊት ተነስቼ እጅ እየነሳሁ ያደግኩ ነኝ።

ሚስተር ዎንግ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ባርኔጣ አድርገው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ስንሰናበት እኔ ወደ እሳቸው ልሻገር ስል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ግሬስ ተረጎመችልኝ፤ «በየቀኑ እሷ ወደ እኔ መጣች፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው» ብለዋል። የብረት መደገፊያቸውን ይዘው ብድግ አሉ። መጋረጃውን ራሳቸው ገልጠው ወደ ታደለ መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እጃቸውን ዘረጉለት። ታደለም ጨበጣቸው።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። አየር ያጠራቸው መሰለኝ፤ ደረታቸውን ያዙ፤ ወደ እኔ አዩ። መደገፊያው ቀድሞ ወደቀ፣ እሳቸው ተከተሉ። ጮኽኩ። ነርሶቹ እየሮጡ መጡ፣ እኛን አስወጡን። ታደለ እግሩ እንደተሰቀለ ከዚያው ቀርቶ ሁሉንም አየ።

አላተረፏቸውም። የረጋው ደም ከእግራቸው ተነስቶ ሳንባቸው ገብቶ ነበር።

ዶክተሩ ወደ መተላለፊያው ወጥቶ ለግሬስ ነገራት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከልቡ አዝኖ እንደነበር አልክድም። ግን ሐዘኑን ሲገልጽላትም «እጅግ ብርቅ ነገር ነው የገጠማችሁ» አላት። አሁንም ብርቅ ነው! እግሩን እያሳየሁት፣ ሰውየው እየተቃጠለ፣ እሱ በገዛ እጁ መጋረጃውን ዘግቶ ሄዶ፣ አሁንም ብርቅ! ጮኼ ተናገርኩ፤ ግማሹ በአማርኛ ወጣ። የእኔን አማርኛ ማን ይረዳዋል? ዘበኛ ተጠራ። ሮማን እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ግሬስ የአባቷን ባርኔጣ ይዛ ቆማለች።

እሑድ

ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ቤታቸው ከጃክሰን መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ሱቅ በላይ ነው። እኛ ለቅሶ ቤት ምግብ ይዘን እንሄዳለንና ከሮማን ጋር ንፍሮ ቀቅለን ይዘን ሄድን። ዘመዶቻቸው ንፍሮውን ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ በእጃቸው ዘግነው በሉ። እኔንም ከሁሉም በዕድሜ ከሚበልጡት ሴት ጎን አስቀመጡኝ።

ገበታው ላይ ብዙ ነገር ቀርቧል፤ ዶሮውም፣ ዓሣውም። ግሬስ ከወጥ ቤት ወጥታ አንድ ሳህን ብቻ ለይታ ፊቴ አኖረች። «ሥጋ የለውም» አለችኝ፤ ዓይኗ አብጧል። «ወተት የለውም። እንቁላል የለውም።» አባቷን ባጣች ማግስት ጾሜን አስታውሳ ለብቻዬ ያበሰለችልኝን እሷን አይቼ፣ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ እግር ማስመርመር ያቃተውን ሰው አሰብኩ። እዚያው ተናድጄ በላሁ።

ጥቂት ሳምንታት ቆየሁ፤ ታደለ በክራንች ቆመ። በመልሱ ጉዞ አስተናጋጇ «ይቀመጡ» ብትለኝም አልተቀመጥኩም። ከሲያትል እስከ ኒውዮርክ፣ ከኒውዮርክ እስከ ሮም መተላለፊያው ላይ እመላለስ ነበር። ሰዎቹ እብድ ሳልመስላቸው አልቀረሁም።

አዲስ አበባ

እንዲያም ሆኖ በገባሁ በሳምንቱ የግራ ባቴ አበጠ፤ ይቆረጥመኝ ጀመር። ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩ። ነጭ ጋዋን ለብሶ የተቀበለኝ ዶክተር የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ፤ ዘጠነኛ ክፍል ከፊት የሚቀመጥ ጎበዝ ልጅ ነበር። «ቲቸር!» ብሎ ተነስቶ ሳመኝ፣ ወንበር ሰጠኝ። እግሬን አየና ፈገግ አለ።

«ቲቸር፣ አያስቡ። የደም መርጋት በኛ ሰው ላይ እምብዛም የለም። የፈረንጅ በሽታ ነው። ጡንቻ ይሆናል፤ ቅባት አዝዝልዎታለሁ።»

ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ያው ዓረፍተ ነገር፣ ያው ፈገግታ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ቀድሞኝ ገብቶ ይጠብቀኛል።

«የለም ያለው ማን ነው? ማን ፈልጎ?» አልኩት።

«መጻሕፍቱም፣ አስተማሪዎቻችንም...»

«ስማኝ» አልኩት። «እኔ ሳስተምርህ ያልታወቀውን ቁጥር ምን ብለህ ትጽፈው ነበር?»

«ኤክስ።»

«ዜሮ ብለህ ጽፈህ ታውቃለህ?»

ስለ ሚስተር ዎንግ ነገርኩት። ስለ ሻዩ፣ ስለ ካልሲው፣ ግሬስ «አመሰገንኩት» ስላለችው ነገርኩት። «ይሄ እግር ካልታየ ከዚህ ወንበር አልነሳም» አልኩት። በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ ያንጎራጉራል፤ አልተነሳሁም። በመጨረሻ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ «እሺ ቲቸር» አለ።

እግሬ ላይ መርፌ ሰክተው በደም ሥሬ ቀለም ሰደዱ፣ ራጅ አነሱ። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አየው። የረጋ ነገር የለም። ንጹሕ ነው።

«ይኸው! ቲቸር፣ እኔ ትክክል ነበርኩ» አለኝ እየሳቀ።

«ቅድም አልነበርክም» አልኩት። «አሁን ነው ትክክል የሆንከው።»

የሲያትሉን ሰፊ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ለሚስተር ዎንግ አለቀስኩላቸው። እዚያ ሳለሁ አላለቀስኩላቸውም ነበር፤ ንዴቱ አላስለቀሰኝም።